ክቡ፣ ረጅሙና ዓሣው

«ዓሣ ዓሣውን ለትንሿ ስጧት፤ ልጅ ዓሣ ይወዳል» ብለው ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ሲፈርዱ፣ ትንሿ የተባለችው ብፅዓት አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። ማንም አልሳቀም። ለንደን፣ ዊልስደን በሚገኘው የአቶ መኩሪያ ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ ሰውዬው ከሞቱ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ ሦስቱ ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው ንብረት ይከፋፈሉ ነበር። ቴሌቪዥኑ ለወንድ ልጅ፣ ብርድ ልብሶቹ ለሴቶቹ፣ ካፖርቶቹ ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ ካለቀ በኋላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ጥቁር ሣጥን ተገኘ። ውስጡ እንደ ሸሚዝ አዝራር የሚያበሩ ነጫጭ ቁርጥራጮች ሞልተውታል፤ ገሚሶቹ ክብ፣ ገሚሶቹ ረዘም ያሉ፣ ገሚሶቹ የዓሣ ቅርጽ ያላቸው። ወንድ ልጁ ጊዲዮን «ፖከር ቺፕስ ናቸው፣ የቁማር መቁጠሪያ፤ አባባ የሚሠራበት ክለብ ሲዘጋ የሰጡት ነው» አለ። አቶ መኩሪያ ዕድሜ ልካቸውን ቁማር ተጫውተው አያውቁም፤ የሚጫወቱትን ሰዎች ካፖርት ሲያንጠለጥሉ ነው የኖሩት። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ሦስት ዓይነት ቅርጽ፣ ሦስት ልጅ፤ እግዜር ራሱ ለይቶ ያስቀመጠው ነገር ምን ዳኛ ያስፈልገዋል? ክቡ ለታላቋ ለጌጤነሽ፣ ረጅሙ ለጊዲዮን፣ ዓሣው ለብፅዓት ሆነ። ሣጥኑን የፈለገ ሰው ስላልነበረ ጌጤነሽ ወሰደችው። የኛ ሰው እኩል ካካፈለ ጥሩ አካፈለ ነው የሚባለው፤ ዳቦም ይሁን የግድግዳ ሰዓት፣ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ከወጣ ሰላም ወረደ ይባላል።

ጌጤነሽ ድርሻዋን ይዛ የገባችበት ክፍል ከዶሮ መጥበሻ ቤት በላይ ናት፤ መስኮቷ ሲከፈት ዘይት፣ ሲዘጋ ሻጋታ የምትሸት፣ አልጋና ቁም ሣጥን ተጋፍተው የሚኖሩባት። ክፍሏን የምታማርርበት ጊዜ ግን አልነበራትም። ልጇ ዳናዊት አዲስ አበባ፣ በአባቷ እናት ቤት ናት፤ በመጪው ሐሙስ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ጠበቃው ያዘነ መስሎ ነግሯታል፤ ወደ እናቷ የመምጫ የቪዛ ማመልከቻው ከነሙሉ ክፍያው ከልደቷ በፊት ከገባ ልጅ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ከገባ እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው ትታያለች፣ እናት አለኝ ማለቷም ምንም አይፈይድላትም። ይህቺን ዕድሜ ጌጤነሽ በደንብ ታውቃታለች። አባቷ በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ለንደን ገብተው፣ ስንት ዓመት ቆይተው ልጆቻቸውን ሲያስመጡ፣ እሷ ከአሥራ ስምንት ትንሽ አልፋ ነበር። ጊዲዮንና ብፅዓት በአውሮፕላን መጡ፤ እሷ እስከ ኤርፖርት ሸኘቻቸው። ራሷ የደረሰችው አግብታ፣ ወልዳ፣ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ፣ በስንት መከራ ነው። አባቷ ስለዚህ ነገር እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። ለክፍያው ያጠራቀመችው ከግማሽ ፈቀቅ አላለም። የሚለመን ዘመድ ሁሉ ተለምኗል፤ ከተለመኑትም አንዳንዶቹ ስልኳን ማንሳት ትተዋል።

እሑድ ከሰዓት፣ ጎረቤት ክፍል የምትኖረው ፊርደውስ ቻርጀር ልትዋስ ገብታ መስኮቱ ሥር የተቀመጠውን ሣጥን ከፈተችው። ፊርደውስ እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ የሰው ዕቃ ሳትነካካ ማውራት አይሆንላትም። አንዱን ክብ በስልኳ ፎቶ አንስታ ሰርች አደረገችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። 

«እትዬ ጌጤ፣ ይሄ ፕላስቲክ አይደለም። ሲሪየስሊ። ጥርስሽ ላይ አድርጊውና ፈተግ ፈተግ አድርጊው።»

ጌጤነሽ የታዘዘችውን አደረገች። ፕላስቲክ ከንፈር ሲነካው ወዲያው ይሞቃል፤ ይሄ ግን ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥርስ ላይም እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል። አምፖል ሥር ሲያገላብጡት ነጩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ፊርደውስ «አንቲክ ከሆነ ብዙ መኒ ነው፤ ግን የሚያውቅ ሰው ቼክ ያድርገው» ብላ ቻርጀሩን ይዛ ወጣች። ጌጤነሽ በተስፋ ስትገላበጥ አደረች። ተስፋ ከጭንቀት ይብሳል፤ ጭንቀትስ ቢያንስ ሲደክመው ያስተኛል።

ሰኞ ጠዋት የቢሮ ጽዳቷን ጨርሳ በቀጥታ ወደ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ሄደች። ባለሱቋ ቀጭን እንግሊዛዊት ናት፤ ማጉያ መነጽር በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። መጀመሪያ ሣጥኑን፣ ቀጥሎ ክቦቹን ወደ መብራት አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጌጤነሽን ወደ ጠረጴዛው ጠርታ ማጉያውን ሰጠቻትና እንድታይ አደረገቻት። ቁርጥራጮቹ ከባሕር ዛጎል፣ ከውስጠኛው ከሚያበራው ግድግዳ የተቆረጡ ናቸው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ቻይና ውስጥ፣ ለአንድ የእንግሊዝ ባላባት ቤት በትእዛዝ ተሠርተዋል። መሐላቸው ላይ ቁልፍ የያዘ ክንፋም አንበሳ አለ፤ የዚያ ቤት ምልክት ነው። ማሽን ቢሠራቸው ኖሮ አንበሶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆኑ ነበር፤ እነዚህ ግን አንዱ ያኮረፈ፣ አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ የተኛ ይመስላል፤ እጅ የሠራው ነውና። ጀርባቸው በስንት ሰው ጣትና በስንት ጠረጴዛ ላይ ተፍቆ ለስልሷል። ፖከር የሚባለው ጨዋታ እዚህ አገር ሳይገባ የተሠሩ ናቸው፤ የክለቡ ሰዎች ኋላ ለፖከርም ተገልግለውባቸው ይሆናል። ጌጤነሽ ይህን ሁሉ ሰማች፤ አባቷ ይህን ሣጥን ስንት ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ጭነውት ኖሩ ብላ አሰበች።

«የቀሩትስ?» አለች ባለሱቋ። «ሁልጊዜ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ክብ፣ ረጅምና ዓሣ። ሣጥኑም ሦስት ክፍል አለው፤ አየሽ?»

ጌጤነሽ ወንድሟና እህቷ ጋ እንደሆኑ ተናገረች። ሴትየዋ አንድ ዕቃ ለምን ሦስት ቤት እንደሚቀመጥ ልትረዳ አልቻለችም። ጌጤነሽ ስለ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ልታስረዳት ሞክራ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች መጥተው እኩል እንዳካፈሏቸው ነገረቻት። ሴትየዋ በጣም ያዘነች መሰለች። ክቦቹ ብቻቸውን ስድሳ ፓውንድ ቢያወጡ ነው፤ የጆሮ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ይገዟቸዋል። ሦስቱም በሣጥናቸው ከተሟሉ ግን ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ትከፍላለች፤ የሚፈልጋቸው ደንበኛ አላት። ነገ ጠዋት ፈረንሳይ ትሄዳለች፣ ቶሎም አትመለስም። ሱቁ አመሻሽ ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት ካመጣችላት ገንዘቡን ዛሬውኑ በባንክ ትልክላታለች። ጌጤነሽ ቁጥሩን ደግማ ጠየቀችና አጻፈች። የዳናዊትን ክፍያ ሞልቶ ለአውሮፕላኑም ይተርፋል። ከሱቁ ስትወጣ እግሯ ከሷ ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

ቶተንሃም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጊዲዮን ሳሎን ንጹሕና የጠበበ ነው። የአባቷ ቴሌቪዥን የድሮውን አስወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጊዲዮን የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ሚስቱ እድላዊት ሻይ አቀረበች። የማሞቂያ ሂሳብ እንደጨመረ ተወራ፤ የሰፈሩ አስተዳደር ካውንስሉ ሊፍቱን እስካሁን እንዳልሠራው ተወራ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደሆኑ፣ ትንሹ ጉንፋን እንደያዘው ተወራ። ከቀብሩ ወዲህ ወንድምና እህት ለብቻቸው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ወሬው ሲያልቅ ጌጤነሽ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ባለሱቋ ያለችውን፣ ዋጋውን ሳይቀር፣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መደበቅ ትችል ነበር፤ አንድ መቶ ፓውንድ ነው ብትላቸው በሳቅ ይሰጧት ነበር። ግን ወንድሟን አታልላ ልጇን ማምጣት አልፈለገችም።

«እንግዲህ ለሦስት ነዋ» አለ ጊዲዮን። «ሽማግሌ ፊት የተካፈልነው ነው።»

«ለሦስት ከሆነ ዳናዊት አትመጣም።»

እድላዊት የሻይ ማንኪያዋን እያየች «እኛም እኮ ልጆች አሉን፣ እትዬ ጌጤ» አለች። በክፋት አልነበረም፤ እውነቷን ነው። ልጆቿ አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ይተኛሉ።  ተነሥታ ልትሄድ አሰበች፤ ተንበርክካ እግራቸውን ልትይዝም አሰበች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ዝምታ በነሱ ቤት አዲስ አይደለም፤ ይህንኑ ሲወራረሱ ነው የኖሩት።

«ሐሙስ ነው የሚሞላት?» አለ ጊዲዮን በመጨረሻ።

«ሐሙስ።»

ወንድሟ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የአባታቸው ቴሌቪዥን ዞረ። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣ፤ ያ ትልቅ ሰው፣ ከነዩኒፎርሙ፣ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኛ። እጁን ሶፋው ሥር ሰዶ አንድ ረጅም ቁራጭ አወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ። ልጆቹ የመጫወቻ ቤት ሲሠሩባቸው ከርመው በየቦታው በትነዋቸዋል። እድላዊት ትንሽ አየችውና ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች፤ ፍራሽ ሲነሣ፣ መሳቢያ ሲሳብ ይሰማ ነበር። ከመጋረጃ ሥር፣ ከጫማ ሣጥን፣ አንዱን ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ እየለቀሙ፣ ሳሎኑን ገለባብጠው አገኟቸው። ጊዲዮን ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ቁራጮቹን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። ረጃጅሞቹ ቦታቸው ላይ ልክ ገቡ።

«የኔን ድርሻ ተይው» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ። «ለሷ ነው።» ይህ ሰው በሕይወቱ ይቅርታ ብሎ አያውቅም፤ ይህ ግን ይቅርታ እንደነበረ ጌጤነሽ አውቃለች። በሩ ላይ ጉንጩን ስትስመው አለቀሰች፤ እሱ ቶሎ ብሎ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ነገራት።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ቀላሉ ነበር። ብፅዓት እህቷ እንኳን ዓሣ ዓይኗን ብትጠይቃት የማትነፍግ ሴት ናት። ፓርክ ሮያል፣ የተዘጋጀ ሰላጣና ሳንድዊች የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ፈረቃ ላይ ስልካቸው ስለሚቆለፍባቸው ብትደውልም አልተነሣም። ጌጤነሽ ባቡር ውስጥ ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ ባዶ የቀረውን ሦስተኛውን ክፍል በክዳኑ ላይ እየዳሰሰች፣ ለዳናዊት የክረምት ጃኬት የት እንደሚረክስ ታሰላ ነበር። ፀጉሯን እንዴት እንደምትሠራላትም አሰበች፤ ካየቻት ስንት ጊዜዋ፤ ፀጉሯ ይርዘም ይጠር እንኳ ከስልክ ፎቶ በቀር አታውቅም።

የፋብሪካው ጥበቃ ስም ጠይቆ አስጠራላት። ብፅዓት ሰማያዊ የፀጉር መረብ እንዳጠለቀች፣ በነጭ ቦቲ ጫማዋ እየተራመደች ወጣች። ፊቷ ከስቷል፤ ግን በርቷል። እህቷን አቅፋ ዘለል ዘለል አለች።

«ጌታ አመጣሽ! እኔ እኮ ማታ ልመጣ ነበር፤ በስልክ አልነግራትም ብዬ ነው። ጌጤዬ፣ ለዳኒ ስጾም ሰነበትኩ። ውሃ ብቻ። ለምንድነው በሩ የተዘጋባት እያልኩ ጌታን ስጠይቅ፣ ያ ነገር ታየኝ። የቁማር ዕቃ ነው እኮ፣ ጌጤ። ስንት ሰው ቤቱን፣ ልጁን ያስያዘበት፣ ስንት ሰው የረገመው ዕቃ ነው። እሱን ቤቴ አስቀምጬ በር ክፈት ብዬ እጸልያለሁ?»

ጌጤነሽ «የት አደረግሽው?» አለች። 

«ቅዳሜ ጾሜን ስፈታ ካናሉ ውስጥ ጣልኩት። በአንዴ አይደለም፤ አንድ በአንድ፣ በኢየሱስ ስም እያልኩ፣ እያንዳንዱን ዓሣ የዳኒን ስም ጠርቼ ነው የወረወርኩት። የመጨረሻውን ስወረውር ልቤ እንዴት ቀለለኝ መሰለሽ! ሰላም ነው የተሰማኝ። በሩ ተከፍቷል፣ ጌጤ። አሜን በይ።»

ማን ይቆጣታል? ጌጤነሽ ልትቆጣት ፈለገች፤ አፏን ከፈተች፤ ግን ፊቷ ላይ የረሃቡን ምልክት አየች፤ አጥንቱ ወጥቷል። በዚህች ከተማ ውስጥ ለልጇ የተራበ ሌላ ሰው የለም። «አሜን» አለች። ከዚያ «የት ጋ እንደሆነ አሳይኝ» አለቻት።

ካናሉ፣ ጀልባ የሚያልፍበት ሰፊ ቦይ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ነው። የእግረኛ መንገዱ ዳር ሣር በቅሏል፤ ውሃው የሻይ ወተት ይመስላል፤ የቢራ ጣሳና የላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፍፎበታል። ብፅዓት ከድልድዩ አጠገብ ያለ ብረት ዳር ቆማ፣ አሁንም እየሳቀች፣ «እዚህ ጋ» ብላ በጣቷ አሳየች። ጌጤነሽ ሣጥኑንና ቦርሳዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ካፖርቷን አወለቀች። ብፅዓት ጸሎት ሊጀመር መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው እህቷ ብረቱን ይዛ ወደ ውሃው ወርዳለች።

«ጌጤ! አብደሻል? ውጪ!»

ውሃው እስከ ደረቷ መጣ፤ ብርዱ ትንፋሿን ቀማት። እግሯ ሥር ያለው ጭቃ ለስላሳና ጥልቅ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው። ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች፣ አገጯ ውሃ ነካ። አንድ እፍኝ ጭቃ አወጣች፤ ጠጠር ነው። ሌላ እፍኝ፤ ቅጠልና የጠርሙስ ክዳን። ሦስተኛው እፍኝ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። በአውራ ጣቷ ስታጥበው ዓሣ ነው፤ ቅርፊቱ በቀጫጭን መስመር የተቀረጸ፣ ሮዝና አረንጓዴ የሚያበራ። ባታገኘው ኖሮ ትወጣ ነበር። ያ አንድ ዓሣ ነው ያስቀራት።

«ሦስቱ አንድ ላይ ከሆኑ ለዳናዊት የሚሆን ገንዘብ ያወጣሉ» አለች ወደ ላይ ሳታይ። ጥርሷ እየተጋጨ ስለነበር ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። «ሴትየዋ እስከ ስድስት ሰዓት ትጠብቀኛለች። ጊዲዮን የሱን ሰጥቶኛል። ያንቺ ብቻ ነው የቀረው።»

ብፅዓት ለትንሽ ጊዜ አልገባትም። ፊቷ ላይ ሳቁ እንደነበረ ቆይቶ፣ ከዚያ ቦታውን እየለቀቀ ሲሄድ ይታያል። ፋብሪካው ውስጥ የእረፍት ማብቂያ ደወል ተደወለ፤ ሴቶች በጀርባው በር እየሮጡ ሲገቡ አንዷ በስሟ ጠራቻት። አልዞረችም። የፀጉር መረቧን ከራሷ ገፈፈች። «ውይ እናቴ» አለች፤ ጌታን አልጠራችም። ከነቦቲዋ ወረደች።

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ጭቃውን ማውጣት ጀመሩ። ጌጤነሽ ታወጣለች፣ ብፅዓት በጣቶቿ እየበተነች ታጥባለች። አንድ የጀልባ ባለቤት አልፎ ደኅና መሆናቸውን ጠየቃቸው፤ አልመለሱለትም። ሁለተኛ ዓሣ ተገኘ። ከዚያ ብዙ እፍኝ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ጅራቱ የተሰበረ አንድ። ብፅዓት ሃያ ምናምን ነበሩ ብላ ለራሷ አንሾካሾከች፤ ከዚያ አልደገመችውም። እያንዳንዱን ወደየት እንደወረወረችው ለማስታወስ እጇን ታነሣለች፣ ትመልሳለች፤ ያኔ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ውሃው የተበጠበጠ ስለሆነ የገዛ እጃቸው አይታያቸውም። ሰማዩ መጥቆር ጀመረ፤ ስድስት ሰዓት አለፈ አላለፈ የጠየቀ የለም።

ሣሩ ላይ ቦርሳው ውስጥ ስልክ ጠራ። ሁለቱም ቀና አሉ። አዲስ አበባ መሽቷል፤ በዚህ ሰዓት የምትደውል አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ጌጤነሽ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ እጇ ጭቃው ውስጥ ነው፤ ራሷን ነቀነቀች። ስልኩ ዝም አለና እንደገና ጠራ። ብፅዓት ብረቱን ይዛ ወጣች፣ ጣቶቿን ሣሩ ላይ ጠረገች፣ አነሣችው። ከወዲያ የልጅቷ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ እስከ ውሃው ድረስ ተሰማ፤ ጠበቃው ምን አለ፣ እማዬስ የት ናት፣ ለምን አታነሣም ትላለች። ብፅዓት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዋሽታ አታውቅም፤ መዋሸት ቢሆንላት ከስንት ነገር በዳነች።

«እናትሽ ሥራ ላይ ናት፣ ዳኒዬ» አለቻት። «በጣም ይዟታል። ስትጨርስ ትደውልልሻለች።»

ጌጤነሽ እህቷን አየቻት፤ ከዚያ ትንፋሿን ያዘችና እስከ ራስ ፀጉሯ ድረስ ጭቃው ወዳለበት ጠለቀች።